ዝናቡ ለማን ቆመ?

ከአጭር የወንጌል ጉዞ የተመለሰ ቡድን እሑድ ጠዋት ጉባኤ ፊት ሲቆም የሚለውን አስቀድሞ መገመት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ፎቶ ይታያል፤ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች፣ በመካከላቸውም ስማቸውን ማንም የማይጠራው ሕፃናት። ቀጥሎ ምስክርነት ይመጣል። ሻንጣችን ጠፍቶ ነበር፤ ጸለይን፤ ተገኘ። መድኃኒቱ ጉምሩክ ተይዞ ነበር፤ ጸለይን፤ ተለቀቀ። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጸለይን፤ ተነሣ። የልጆች ፕሮግራም ልንጀምር ስንል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ጸለይን፤ ዝናቡ ቆመ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ይላል፣ ያጨበጭባል፤ በር ላይ ደግሞ የመጪው ዓመት ጉዞ ምዝገባ ይጀመራል። ከጉባኤው መካከል አንድ የሰዋስው መምህር ቢኖሩ ግን ከጭብጨባው በፊት እጃቸውን ማውጣታቸው አይቀርም። ተያዘ፣ ተገኘ፣ ተለቀቀ፣ ተከፈተ፤ ምስክርነታችን ከዳር እስከ ዳር በተገብሮ ግስ የተሞላ ነው። ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም። ሻንጣውን ማን አገኘው? መድኃኒቱን ማን ለቀቀው? አውቶቡሱንስ ከሥሩ ገብቶ፣ ዘይት በፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ ያስነሣው ማን ነው?

«እግዚአብሔር ነዋ!» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጸሎት ይሰማል ከሚሉት ወገን ነኝ። ክርክሬ ሌላ ነው። ከላይ የተላከ መልስ እታች የሚደርሰው ባብዛኛው በሰው እጅ ነው፤ አጭር ጉዞ ደግሞ በማጠሩ ብቻ ያንን ሰው ከዓይናችን ይሰውረዋል፤ ያም ሰው የራሱ የጸሎት ርዕስ አለው። ተሸካሚው የወደቀበት ምስክርነት ሐሰት ባይሆንም ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት ዉትናው በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባካሄዱት ጥናት መሠረት ግን ለአጭር አገልግሎት ከአገር የሚወጡት የአሜሪካ ምእመናን በዓመት 1.6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በዚያው በአሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎች አብያተ ክርስቲያናትም ቡድን አደራጅተው ይልካሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ወጥቶ ሲገባ የሚያመጣው ምስክርነት በአንድ ቦታ ቢከመር፣ የተገኘው ሻንጣ ብቻ ለብቻው ተራራ ይወጣዋል።

አጭር ጉዞ ለጸሎት መልስ እጅግ የለማ መሬት የሆነበት ምክንያት አለው። እቤታችን ሳለን ውሃ ሲጠፋ ውሃ ልማት ደውለን እንጨቃጨቃለን፤ ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ እንፈልጋለን፤ ሆድ ሲያመን ዝንጅብል አፍልተን እንተኛለን። ይህን ሁሉ ለመንበረ ጸባኦት አናቀርበውም። ባሕር ተሻግረን፣ ቋንቋው ጠፍቶን፣ ስልካችን ኔትወርክ አልይዝ ሲል ግን የምናውቀው ቁጥር የሰማዩ ብቻ ይሆናል። የጎማ መተንፈስ ከጋራዥ ጉዳይነት ወደ ጸሎት ርዕስነት ያድጋል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እንዲያውም የጉዞው ትልቁ ጸጋ ይኸው መሰለኝ፤ የለመድነው ሁሉ ከእጃችን ሲወጣ ማን እንደሚመግበን ትዝ ይለናል። ሌላው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ10 ቀን ጉዞ የሚያጋጥም ችግር አብዛኛው በ10 ቀን ውስጥ የሚፈታ ነው። የዘገየ ሻንጣ እጀታው ላይ ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ተለጥፎለታል፤ ቁጥሩን ይዞ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ የሚያሳድደው ሠራተኛ ደሞዝ የሚበላበት ሥራው ነው። የመንገደኛ ተቅማጥም ብዙ ጊዜ ሳይታከም እንኳ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። በ2ኛው ቀን የተጀመረ ጸሎት በ5ኛው ቀን ተመለሰ፤ በ10ኛው ቀን ተሳፈርን። ለመፈታት 11ኛ ቀን የሚፈልግ ችግር ግን ምስክርነት ውስጥ የመግባት ዕድል የለውም፤ ቡድኑ ሄዷላ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ አገር እንያዝ፤ ሆንዱራስን። ከማያሚ ሦስት ሰዓት በማይሞላ በረራ ይደረሳል፤ ድህነቱ ብዙ፣ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ቡድኖች ከሚያዘወትሯቸው አገሮች አንዱ ሆኗል። ለብዙ ዓመታት ወደ ዋናዋ ከተማ ወደ ቴጉሲጋልፓ የሚሄድ እንግዳ የሚያርፈው ቶንኮንቲን በሚባለው አየር ማረፊያ ነበር። ዙሪያው ተራራ፣ መንደርደሪያው አጭር፤ አብራሪው አስፋልቱን ከመንካቱ በፊት አውሮፕላኑን በኮረብታ አጠገብ ስለታም ኩርባ ማስያዝ ነበረበት። የጉዞው ሁሉ ትኩሱ ጸሎት የሚጸለየው እዚያ ላይ ነው፤ ወንበር ታጥቆ የተቀመጠ ሰው ባይንበረከክም ልቡ ይንበረከካል። ጎማው መሬት ሲነካ መንገደኛው ሁሉ ያጨበጭባል። ለማን ነው የሚጨበጨበው? ለዚያ ሜዳ ተብሎ የተለየ ሥልጠና ለወሰደው አብራሪ ወይስ ለሰማዩ? እኔ ለሁለቱም ቢሆን ደስ ይለኛል። ምክንያቱም በሜይ 30 ቀን 2008 አንድ ኤርባስ መንደርደሪያው አልቆበት ጎዳና ላይ ወጣ፤ 5 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ዕለት መንገደኞች አልጸለዩም የሚል ሰው ካለ፣ ያንን ኩርባ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አላሰበውም ማለት ነው። በ2021 ዓለም አቀፉ በረራ ፓልሜሮላ ወደሚባል፣ መንደርደሪያው ረዘም ወዳለ አዲስ አየር ማረፊያ ተዛወረ። የዚያን ሁሉ ዓመት ጸሎት የመለሰው እንግዲህ በመጨረሻ አስፋልት ሆነ ማለት ነው። ስለ አስፋልት ግን ማንም ምስክርነት አይሰጥም፤ ዕንባ አያመጣም።

ወደ ዝናቡ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። በሆንዱራስ አብዛኛው ክፍል ዝናብ ከግንቦት አካባቢ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይዘልቃል፤ በመካከሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ የሚያፈገፍግበት ደረቅ ጊዜ አለ። በስፓኒሽ ካኒኩላ ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ትንሿ ውሻ» ማለት ነው፤ በዚያ ወራት በሚታየው የውሻ ኮከብ የተሰየመ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉትም በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ቡድኖቹ የሚጎርፉት በዚሁ ጊዜ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የልጆች ፕሮግራም የሚደረገው ጠዋት። እንግዲህ በሐምሌ ወር፣ በጠዋት፣ ዝናብ እንዲቆም የሚጸልይ ቡድን፣ ዝናቡ ራሱ ሊያርፍ ባሰበበት ሰዓት ነው ልመናውን ያስገባው። መጸለዩ ነውር የለውም፤ ጌታ ደግሞ በወቅቱ የሚሠራ ጌታ ነው። ሆኖም «ተአምር» የሚለውን ቃል ከኪስ ከማውጣት በፊት የሰፈሩን ገበሬ አንድ ጊዜ ጠይቆ ማለፍ ጨዋነት ነው።

ገበሬው ቢጠየቅ ምን ይላል? በግንቦትና በሰኔ የዘራው በቆሎ በዚያ ወቅት አበባ የሚያወጣበት፣ ውሃ አብዝቶ የሚጠማበት ጊዜው ነው። ማዕከላዊ አሜሪካን ሰንጥቆ በሚያልፈው፣ ሰዉ «ደረቁ መተላለፊያ» በሚለው ምድር ላይ ካኒኩላው ጥቂት ሳምንት ከረዘመ የዓመቱ በቆሎና ባቄላ ይቃጠላል። ስለዚህ በዚያች ጠዋት፣ ከዚያችው መንደር፣ ምናልባትም ከዚያችው ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ጸሎቶች አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ፊኛውና ጊታሩ እንዳይረጥብ ሰማዩ ሦስት ሰዓት እንዲታገሥ ይለምናል፤ ሌላው ከሦስት ሳምንት ጀምሮ የጠፋው ደመና ዛሬስ እንዲመጣ። ገበሬው በስተኋላ ተቀምጦ የእንግዶቹን ጸሎት «አሜን» ብሎ ያጸናል፤ እንግዳ ፊት «አሜን አልልም» አይባልማ። ዝናቡ ቆመ። ለማን ቆመ? ከማንስ ቀረ? ለዚህ የመጽሐፉ ሰው ኤልያስ ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። እሱም ዝናብ እንዳይዘንብ ጸልዮ ተመልሶለታል፤ ነገር ግን የመመለሻ ቲኬት በኪሱ አልያዘም ነበር። ድርቁን ከሕዝቡ ጋር ቀምሶታል፤ ወንዙ ሲደርቅ አይቷል፤ የአንዲት መበለት የመጨረሻ ዱቄት ላይ እጁን ዘርግቷል። ደግሞም ልብ በሉ፤ ምግብ ያመላለሱለት ቁራዎች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። ለወፍ የተሰጠ ቦታ በእኛ ምስክርነት ለእንግዶቹ ውሃ ቀድታ በርሜል ለምትሞላው ሴት አልተሰጠም።

የበርሜል ሞይዋን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በእንግዳ ተቀባይ አገር ሁሉ ታላቁን የጸሎት መልስ የምትደብቅ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ በእኛ «ችግር የለም»፣ በሆንዱራሶች «ኖ አይ ፕሮብሌማ»። የቃሉ ትርጉም ችግር አለመኖሩ አይደለም። ችግሩ አለ፤ እኔ ልሸከመው፤ አንተ አትስማ ማለት ነው። ሃያ እንግዳ ሲመጣ ሃያ ፍራሽ ከጎረቤት ይለቀማል፤ ፍራሽ የሰጠው ቤተሰብ ያን ሳምንት ምን ላይ እንደሚተኛ አይጠየቅም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ያለው ሰው ቤት የሚለመነው ሌሊት ነው። የአውቶቡሱ መካኒክ የአንድ ሰው አማች ሲሆን፣ የልጁን ልደት ትቶ የመጣ ነው። ውሃ ሲጠፋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዛ ቧንቧ የምትሰለፍ ሴት አለች። እንግዳው የሚያየው ማለዳውን ብቻ ነው፤ በርሜሉ ሞልቷል፣ ቡናው ይጨሳል። ማታ ደግሞ ስለ ውሃው በክብ ቆሞ ጸልዮ ነበር። ከዚህ በላይ ንጹሕ የጸሎት መልስ የት ይገኛል? እኛ አበሾች በዚህ ጉዳይ የሰው አገር ምሳሌ መበደር አይገባንም ነበር፤ እንግዳ ፊት ጓዳችንን ደብቀን፣ በጓሮ በኩል ከጎረቤት ስኳር የምንበደር ሕዝብ ነን። እንግዳው «በዚህ ቤት ምንም አይጎድልም» ብሎ ሲሄድ ውለታው ሁሉ ለቤቱ በረከት ይጻፋል፤ ስኳር አበዳሪዋ ግን ስኳሯን ትጠብቃለች።

ይህን ስል በድሮ ዘመን የጸሎት መልስ በተሻለ ሒሳብ ይያዝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገው ጆርጅ ሙለር፣ በዕድሜ ዘመኑ 10,000 ያህል ልጆች በእጁ አልፈዋል። ሰው ፊት ቆሞ ገንዘብ አለመለመንን መርሑ አድርጎ ነበር የኖረው፤ የጸለየበትንና የተመለሰለትን ግን ከነቀኑ፣ ከነሳንቲሙ ይጽፍ ነበር፤ በየጊዜውም አሳትሞ ያወጣው ነበር። (ተቺዎቹ «ሪፖርት ማሳተምስ ልመና አይደለም ወይ?» ብለዋል፤ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፣ ግን ሪፖርቱ መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ነው።) ስለ እሱ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ልጆቹ ባዶ ማዕድ ፊት ተቀምጠው ምስጋና ከተደረገ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ዳቦ ጋጋሪው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት ተነሥቶ ጋግሮ መጣ፤ ቀጥሎ የወተት አከፋፋዩ ጋሪ እደጅ ላይ ተሰበረና ወተቱን አወረደ። የታሪኩ ጣዕም የት እንዳለ አስተውሉ። ጋጋሪው በታሪኩ ውስጥ አለ። እንቅልፍ ማጣቱ አለ፤ ዱቄት ማቡካቱ አለ፤ የጋሪው መንኰራኵር እንኳ አለ። ዛሬ ያ ታሪክ በእኛ የምስክርነት ዘይቤ ቢነገር «ዳቦ አልነበረም፤ ጸለይን፤ ዳቦ ተገኘ» ይሆንና ያልቅ ነበር። ተአምሩ ግን ያለው ከጋጋሪው እንቅልፍ ላይ ነው።

ከሙለር መዝገብ ወደ ሆንዱራስ ስንመለስ የሚያስደነግጥ ሒሳብ ይጠብቀናል። በ1998 መጨረሻ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ በማዕከላዊ አሜሪካ ከ10,000 በላይ ሰው ፈጅቶ፣ በሆንዱራስ ብቻ ስፍር ቁጥር የሌለው ቤት ጠርጎ ሄደ። የሰሜን አሜሪካ ምእመናን በቡድን በቡድን እየሄዱ ቤት ሠሩ። በዚያው አገር ብዙ ዘመን የኖሩት ተመራማሪ ኩርት ቨር ቢክ ጉዳዩን አጥንተው በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በአገሬው ክርስቲያናዊ ድርጅት የተሠራ ቤት 2,000 ዶላር ገደማ ሲፈጅ፣ እንግዶቹ የሠሩት ቤት የአውሮፕላኑ ቲኬት ሁሉ ሲደመር 30,000 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። አንድ ቤት በ15 ቤት ዋጋ ማለት ነው። ቤቱን ያገኘችው እናት ጸሎቷ ተመልሷል፤ በዚህ አልጠራጠርም፤ ጣራ ጣራ ነው። የቀሩት 14 እናቶችስ? እነሱም በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ጭቃ ላይ ሆነው ጸልየዋል። የእነሱ መልስ የተሸጠው በቲኬት ቢሮ ነው ብል ግፍ ይሆንብኛል፤ ገንዘቡ ያለ ጉዞው ላይሰበሰብ ይችል ነበርና። ሰው ለቤት ግንባታ ከሚሰጠው ይልቅ ለጎረቤት ልጅ ጉዞ ኪሱን ቶሎ ይፈታል። ሆኖም የጉባኤው ፎቶ ላይ የታየው አንዱ ቤት ብቻ መሆኑ ሒሳቡን አይለውጠውም።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ አንድ ተጠራጣሪ እጁን እያሻሸ «ታዲያ ዝም ብለህ መልስ የሚባል ነገር የለም አትልም?» ሊለኝ ይችላል። ይህ ወገን የቆየ ነው። የዳርዊን ዘመድ የሆነው ፍራንሲስ ጋልተን በ1872 የጸሎትን ውጤት በቁጥር ሊመረምር ተነሣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ስለ ዕድሜያቸው የሚጸለይላቸው ነገሥታት አማካይ ዕድሜ 64 ዓመት ሆኖ ከሕግ ባለሙያውም፣ ከነጋዴውም፣ ከቄሱም አጥሮ አገኘው። ኢንሹራንስ ሰጪዎችም ሚሲዮናውያን ለጫነች መርከብ ቅናሽ እንደማያደርጉ በደስታ ጻፈ። (ነገሥታቱ ምን ይበሉና ምን ይጠጡ እንደነበር ለሚያውቅ፣ 64 ራሱ የጸሎት ፍሬ ነው።) በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ልባቸውን ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው 1,802 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ታተመ። የማያውቋቸው ሰዎች የሕመምተኛውን ስምና የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ተቀብለው ከሩቅ ጸለዩ። የተጸለየላቸውና ያልተጸለየላቸው፣ መጸለዩን በእርግጥ ሳያውቁ፣ 52 እና 51 በመቶ ያህሉ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ልዩነት የለም። እንደሚጸለይላቸው የተነገራቸው ግን 59 በመቶ! ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ «ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስሜ ተሰጥቶ ሲጸለይልኝ፣ ምን ያህል ብሶብኝ ነው?» ሳይል አልቀረም፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ዓይነት ጥርጣሬ አንሥተዋል።

ለተጠራጣሪው ያለኝ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። እናንተ የለካችሁት እግር የሌለውን ጸሎት ነው። ሾርባ ያልያዘ፣ ደጅ ያላንኳኳ፣ የሕመምተኛውን ስም እንኳ እስከ ዳር የማያውቅ ጸሎት። ሰው ለሕመምተኛ በአብዛኛው እንደዚያ አይጸልይም፤ ሕመምተኛ ሲጠየቅ ብርቱካን ይያዛል፤ ጸሎት ሲደረግ እጅ ይያዛል። የላቦራቶሪው ሰውና የምስክርነቱ ወጣት በአንድ ነገር ተመሳስለዋል፤ ሁለቱም ተሸካሚውን ከመንገድ አንሥተው ነው ነገሩን የተመለከቱት። አንዱ ካነሣ በኋላ «ምንም የለም» አለ፤ ሌላው ካነሣ በኋላ «ከሰማይ ዱብ አለ» አለ። ይህ ክርክር ጸሎት እንደሚመለስ ማረጋገጫ አይሆንም፤ እምነት በዚህ መንገድ አይረጋገጥም። የተለካው ነገር ሰዎች የሚጸልዩት ነገር አለመሆኑን ግን ያሳያል።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ሁሉንም ነገር ሰው አደረገው ካልክ ክብሩን ከእግዚአብሔር ወስደህ ለመካኒክ መስጠትህ አይደለም ወይ?» ይላሉ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ራሱ በጥፋቱ በተያዘ ነበር። ጴጥሮስ እስር ቤት ሳለ ምእመናን አንድ ቤት ተሰብስበው ይጸልዩለት ነበር፤ መልአክ አወጣው፤ መጥቶ በሩን አንኳኳ። የቤቱ ሠራተኛ ድምፁን ሰምታ ገብታ ስትናገር፣ ሲጸልዩ ያመሹት ሰዎች «አብደሻል» አሏት። የተለመነው መልስ እደጅ ቆሞ እያንኳኳ፣ ጸሎተኛው ውስጥ ሆኖ መልሱን ሲያስተባብል! ከዚህ የበለጠ ወግ አላውቅም። ያቺ ሠራተኛ ግን ሮዴ ትባላለች፤ ስሟ ተጽፎ እነሆ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው። የመልአኩ ስም አልተጻፈም፤ በር የምትከፍተው ልጅ ስም ተጻፈ። የመለኮት ክብር በዚህ አልቀነሰም። በአገራችን ስለት ባህልም ቢሆን መልስ ዕዳ አለው፤ በታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣ ሰው ስለቱ ሲሰምር ጥላውን ወይም ጧፉን ተሸክሞ፣ ዳገቱን ረግጦ ነው የሚከፍለው። ወንጌላውያን ወገኖቼ ስለትን አይወዱት ይሆናል፤ ቢያንስ ግን መልስ ያገኘ ሰው ባዶ እጁን በፎቶ ብቻ እንደማይመጣ ያስተምራል። የፍራሹ ባለቤት ሴት ስም ይጻፍ። የመካኒኩ ስም ይጠራ። ሕፃናቱ ፎቶ ላይ ካሉ ስም አላቸው።

«እሺ፣ ሒሳቡ ይቅር፤ የወጣቶቹን እሳት ግን አታጥፋው፤ ከጉዞው ሲመለሱ ተለውጠው ነው» የሚል ደግሞ አለ። እሳቱን አልጠላሁትም። ነገር ግን እሳቱም ቢሆን ሲለካ ይቀንሳል፤ ያው የሆንዱራሱ ጥናት፣ ከጉዞው ወዲህ ስጦታችን ጨመረ ያሉት ብዙዎቹ፣ የላካቸው ድርጅት መዝገብ ሲገለጥ ያን ያህል እንዳልጨመሩ አግኝቷል። ውሸታሞች ናቸው ማለት አይደለም። በዚያ ሳምንት ልባቸው በእርግጥ ሰጥቷል፤ እጃቸው ነው የዘገየው። ምክንያቱን ሳስብ ወደ ተገብሮው ግስ እመለሳለሁ። «ውሃ ተገኘ» ብሎ የመጣ ልጅ ለማን ይልካል? «ሌሊት 10 ሰዓት ተሰልፋ ውሃ የቀዳችልን ሴት የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው» ብሎ የመጣ ልጅ ግን የሚልክለት አድራሻ አለው።

ደግሞም ትልልቆቹ መልሶች የሚደርሱት ጸሎተኛው እንግዳ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። «ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን» የተባለው ማኅበር ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 ነበር። ለአጭር ጊዜ አልመጡም፤ ቋንቋ ተምረው፣ ልጅ ወልደው፣ መቃብር ቆፍረው የኖሩ ናቸው። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሳይወዱ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። በ1940ዎቹ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው። ይህን ሁሉ ያደረጉት እስር ቤት የተገረፉት፣ ከመንደር መንደር በእግራቸው የዞሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ፈረንጆቹ በሌሉበት፣ ካሜራም በሌለበት። ለዘጠኝ ዓመት የለፋ ሰው ትልቁን መልስ ሳያይ ከወጣ፣ ለ10 ቀን የሄደ ሰው «መልሱን አይቼ መጣሁ» ሲል ትንሽ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ምን አለበት?

አስተናጋጁንም አንርሳው። እሱም በእነዚያ 10 ቀናት አንድ ጸሎት ነበረው፤ ከማንም ጸሎት ይልቅ ሳያቋርጥ የጸለየው። ከእንግዶቹ አንዱ እንዳይታመምበት፣ አንዱ እባብ እንዳይነድፈው፣ ጊታሩ እንዳይሰረቅ፣ ሁሉም እንደመጡ በሰላም እንዲመለሱ። በ10ኛው ቀን አውሮፕላኑ ሲነሣ አጥር ላይ ተደግፎ እስኪርቅ ድረስ ያየዋል፤ ተመለሰለት። እንግዶቹ ከላይ ሆነው «እንዴት ይወዱናል!» ይላሉ፤ እሱ ከታች ሆኖ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ የተዋሰውን ጭነት መኪና አስነሥቶ፣ ሃያውን ፍራሽ ደርድሮ፣ ለየባለቤቱ ሊያደርስ ወደ መንደሩ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሰማዩ በተራራው በኩል ይጠቁራል። በቆሎው ዳር የቆመው ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ያያል። ዝናቡ ሲወርድ፣ ፍራሾቹ ገና ክፍት መኪና ላይ ናቸው።